ከዲቭ እስማኤል፦ በብድር የቆመ ሠራዊት፣ በዕዳ የታጣ ነፃነት

ስለ አንድ አገር መከላከያ ሲነገር በሰው ኅሊና ውስጥ ቀድሞ የሚታየው የሠራዊቱ ብዛት፣ የመሣሪያው ዓይነትና የጦር አዝማቹ ችሎታ ነው። ወታደሩን የሚያለብሰውና የሚቀልበው፣ መድፉን ገዝቶ እስከ ጦር ሜዳ የሚያደርሰው የመንግሥት ግምጃ ቤት ግን በወሬው መካከል እምብዛም ስፍራ አያገኝም። ይሁን እንጂ በጦር ሜዳ ከመሸነፋቸው በፊት በሒሳብ መዝገብ ላይ የተሸነፉ መንግሥታት ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህ መካከል ከ1863 እስከ 1879 ግብፅን የገዛው የከዲቭ እስማኤል መንግሥት ጉልህ ምሳሌ ሆኖ ይገኛል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ጉንደትና ጉራ ላይ የተሰለፈው ጦር የእስማኤል ጦር ነበር፤ ያን ጦር ያቆመው መንግሥት ደግሞ እስከ አንገቱ በለንደንና በፓሪስ አበዳሪዎች ዕዳ ውስጥ የገባ መንግሥት ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

እስማኤል በታኅሣሥ ወር 1830 ካይሮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢብራሂም ፓሻ በሶርያና በአናቶልያ ጦርነቶች ስሙ የገነነ የጦር መሪ ሲሆን፣ አያቱ ደግሞ የዘመናዊት ግብፅ መሥራች የሚባለው መሐመድ አሊ ፓሻ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ እስማኤል ያደገው የጦር ኃይልና የመንግሥት ሥልጣን አንድና ያው መስለው በሚታዩበት ቤት ውስጥ ነበር። በወጣትነቱ ወደ ፓሪስ ተልኮ ግብፅ ለመኳንንቷ ልጆችና ለመኰንኖቿ ባቋቋመችው ትምህርት ቤት ተማረ። የፈረንሳይን ቋንቋ አቀላጥፎ ተናገረ፤ የአውሮፓን ከተሞች፣ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ቲያትር ቤቶችና የባቡር ሐዲዶችም በዓይኑ አየ። በኋላ ዘመኑ ግብፅን የአውሮፓ ክፍል አድርጎ የመቍጠር ምኞቱ ከዚህ የመነጨ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ወደ ዙፋኑ የቀረበው ግን ባልታሰበ አደጋ ነበር። በዘመኑ አገሪቱን ይገዛ የነበረው አጎቱ ሰይድ ፓሻ ሲሆን፣ አልጋ ወራሹ የእስማኤል ታላቅ ወንድም አሕመድ ነበር። በ1858 አሕመድ የተሳፈረበት ባቡር ከፍር ኤል ዘያት ላይ ዓባይን በጀልባ ሲሻገር ወንዝ ውስጥ ገብቶ አልጋ ወራሹ ሰጠመ፤ እስማኤልም ተተኪ ሆነ። ሰይድ ፓሻ በጥር ወር 1863 ሲሞት የሠላሳ ሁለት ዓመቱ እስማኤል የኦቶማን ሱልጣን እንደራሴ ሆኖ ግብፅን ተረከበ። ከአጎቱ የወረሰው ሥልጣንን ብቻ አልነበረም። ሰይድ በ1862 የመጀመሪያውን የውጭ ብድር ወስዶ ነበር፤ የስዊዝ ቦይ ኩባንያን አክሲዮን በብዛት ገዝቶ ዋጋው በየጊዜው እንዲከፈል ተዋውሎም ነበር። ዕዳው በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ቢሆንም በሩ ተከፍቶ ነበር።

የጥጥ ዘመን

እስማኤል ሥልጣን በያዘበት ወቅት ዕድል ፊቷን አዙራለት ነበር። በ1861 የጀመረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ አሜሪካን ጥጥ ከገበያ ስላጠፋው የእንግሊዝ የሽመና ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ዓባይ ሸለቆ መለሱ። የግብፅ ጥጥ ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ ናረ፤ ወርቅ ወደ እስክንድርያ ጎረፈ። አዲሱ ገዥም ይህ ገቢ ዘላቂ መስሎት በእርሱ ልክ ወጪ አቀደ። በ1865 የአሜሪካው ጦርነት ሲያበቃ የጥጥ ዋጋ ወደቀ። ገቢው ቢወርድም ወጪው ግን በዚያው ከፍታ ቆየ፤ በሁለቱ መካከል የተፈጠረውንም ክፍተት ብድር ሞላው።

ለፍትሕ ሲባል የብድሩ ገንዘብ ሁሉ ባከነ ሊባል አይቻልም። በእስማኤል ዘመን ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የመስኖ ቦይ ተቆፈረ፤ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ መስመር ብዙ እጥፍ ተስፋፋ፤ ከ400 የሚበልጡ ድልድዮች ተሠሩ፤ የእስክንድርያ ወደብ ታደሰ፤ የፖስታ አገልግሎት የመንግሥት ሆነ። በትምህርት በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1873 ለሴቶች ልጆች የሚሆን የመንግሥት ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትም በ1870 ተመሠረተ። ነገር ግን ፍሬው በብዙ ዓመት በሚታይ ሥራ ላይ የዋለው ገንዘብ በጥቂት ወራት ከሚከፈል ብድር የተገኘ ሲሆን ጊዜና ገንዘብ አይገጣጠሙም። ቦዩ ውኃ ሳያደርስ፣ እርሻው ምርት ሳይሰጥ ወለዱ ይደርሳል። ያንን ወለድ ለመክፈል ሌላ ብድር ይወሰዳል። የእስማኤል መንግሥት የወደቀበት ወጥመድ ይኸው ነበር።

የስዊዝ ቦይ ራሱ ከዕዳው ትልቅ ድርሻ ነበረው። እስማኤል ለቦዩ ሥራ በግዴታ የሚሰጠውን የገበሬ ጉልበትና ለኩባንያው የተለቀቀውን መሬት ለማስቀረት በተከራከረ ጊዜ፣ ጉዳዩ ለፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ለናፖሌዎን ሣልሳዊ ዳኝነት ቀረበ። በ1864 የተሰጠውም ፍርድ ግብፅ ለኩባንያው 84 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ እንድትከፍል የሚያዝ ሆነ። የአክሲዮኑ፣ የካሣው፣ የሥራውና የምረቃ በዓሉ ወጪ ሲደመር ቦዩ ግብፅን ወደ 16 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጣት። ኅዳር 17 ቀን 1869 ቦዩ ሲመረቅ የፈረንሳይ ንግሥት ኢውጄኒና የአውሮፓ መሳፍንት በተገኙበት የተደረገው ድግስ ዓለምን አስደነቀ። መርከቦቹ ግን ግብፅ ከፍላ በሠራችው ቦይ ሲያልፉ፣ የንግዱ ትርፍ ለሌሎች፣ ዕዳው ለእርሷ ቀረ።

ሠራዊቱና የነፃነት ዋጋ

እስማኤል ዋና ምኞቱ ከቁስጥንጥንያ ቁጥጥር ወጥቶ የራሱን መንግሥት ማቆም ነበር። ይህን ምኞት በጦር ሳይሆን በገንዘብ ሊያገኘው ሞከረ። በ1866 ሥልጣኑ ከአባት ወደ በኵር ልጅ እንዲተላለፍ ሱልጣኑ ፊርማን ሲሰጠው፣ ግብፅ በየዓመቱ ለቁስጥንጥንያ የምትከፍለው ግብር እጥፍ ያህል ሆኖ ጨመረ። በ1867 ከዲቭ የተባለውን ማዕረግ አገኘ። በ1869 ሱልጣኑ ያለ እርሱ ፈቃድ የውጭ ብድር እንዳይወሰድ ቢከለክልም፣ በ1873 በወጣው ሰፊ ፊርማን ክልከላው ተነሥቶ ከዲቩ እንደ ልቡ ለመበደርና ሠራዊቱን ለማብዛት ተፈቀደለት። እነዚህን ፊርማኖች ለማግኘት በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት የተሰጠው እጅ መንሻም ቀላል አልነበረም። በዚህ ሁኔታ ከሱልጣኑ ነፃ ለመውጣት የተከፈለው ገንዘብ ከአውሮፓ አበዳሪዎች የተገኘ በመሆኑ፣ ግብፅ አንዱን ጌታ ለመሸሽ ብላ በሌላው እጅ ወደቀች።

ሠራዊቱም በዚሁ መንገድ ታደሰ። የሬሚንግተን ጠመንጃ ከአሜሪካ፣ የክሩፕ መድፍ ከጀርመን ተገዛ። ከ1869 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተፈተኑ ሃምሳ ያህል መኰንኖች ተቀጠሩ። የሠራዊቱ ኤታማዦር ሹም የሆነው ቻርልስ ስቶን ከሰሜኑ ወገን፣ ኋላ ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው ዊልያም ሎሪንግ ከደቡቡ ወገን የተዋጉ ጄኔራሎች ነበሩ። ከዲቩ ወታደሮቹን ወደ ቀርጤስ ልኮ ሱልጣኑን ረዳ፤ ሳሙኤል ቤከርንና ቻርልስ ጎርደንን ወደ ላይኛው ዓባይ አዘመተ፤ በ1874 ዳርፉርን ያዘ። ምጽዋንና ሱዋኪንን በ1860ዎቹ አጋማሽ፣ ዘይላን በ1875 ከሱልጣኑ በዓመታዊ ክፍያ ተረከበ። በካርታ ላይ ሲታይ ከሜዲትራንያን እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚደርስ ግዛት ተዘረጋ። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲታይ ግን እያንዳንዱ አዲስ ግዛት ጦር ሰፈር፣ ስንቅና ደመወዝ የሚጠይቅ እንጂ ግምጃ ቤቱን የሚሞላ አልነበረም።

ብድሩም በተከታታይ መጣ። በ1864፣ በ1866፣ በ1868፣ በ1873 ትላልቅ ብድሮች ተወሰዱ። የ1868ቱ ብድር በሰነድ ላይ ወደ 11.9 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ግምጃ ቤቱ በእጁ የተቀበለው 7.2 ሚሊዮን ያህሉን ነበር። የ1873ቱ 32 ሚሊዮን ተብሎ ተጽፎ ለመንግሥቱ የደረሰው ከ20 ሚሊዮን እምብዛም አልዘለለም። ወለዱ ግን የሚታሰበው በሰነዱ ላይ በተጻፈው እንጂ በእጅ በገባው ገንዘብ ላይ አልነበረም። ከእነዚህ ሌላ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ የአጭር ጊዜ ዕዳ ከፍ ባለ ወለድ ይከማች ነበር። በ1871 ከዲቩ ሙቃበላ የተባለ ሕግ አወጣ፤ የስድስት ዓመት የመሬት ግብር አስቀድሞ ለከፈለ ባለ መሬት ግብሩ ለዘለዓለም በግማሽ እንዲቀነስለት ቃል ገባ። ይህም ማለት የነገዋ ግብፅ ገቢ ለዛሬዋ ፍላጎት ተሸጠ ማለት ነው።

ጉንደት፣ ስዊዝና ጉራ

የ1875 ኅዳር በእስማኤል ሕይወት ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። ገበያው ለግብፅ ማበደር ባመነታበት በዚያ ዓመት ከዲቩ በአፍሪቃ ቀንድ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ዘመቻ ከፈተ። ራውፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ። ማኪሎፕ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኰንን ወደ ጁባ ወንዝ ተላከ፤ ይህም ጦር በእንግሊዝ ተጽዕኖ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። በ1872 ቦጎስን ይዞ የነበረው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር በአውሳ በኩል ሲጓዝ በአፋሮች ተገደለ። ዴንማርካዊው አሬንድሩፕ ደግሞ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ጦር ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1875፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉንደት ላይ ገጥመው ይህን ጦር ደመሰሱት። አሬንድሩፕም በዚያው ወደቀ።

ከዚህ ድል ዘጠኝ ቀን በኋላ ለንደን ውስጥ ሌላ ታሪክ ተፈጸመ። በታኅሣሥ መጀመሪያ የሚከፈለው ወለድ ስለ ደረሰ፣ ግምጃ ቤቱም ባዶ ስለ ነበረ፣ ከዲቩ ያለውን የመጨረሻ ጥሪት ለገበያ አቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ የፓርላማውን ውሳኔ ሳይጠብቅ ከሮትሽልድ ባንክ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ተበድሮ 176,602 የስዊዝ ቦይ አክሲዮኖችን ለእንግሊዝ መንግሥት ገዛ። ይህ ከጠቅላላው አክሲዮን 44 በመቶ ያህል ነበር። የእነዚህ አክሲዮኖች ወለድ እስከ 1894 ድረስ ቀደም ሲል ለኩባንያው ተለቅቆ ስለ ነበር፣ ከዲቩ ንብረቱን ከሸጠ በኋላም በዋጋው ላይ በየዓመቱ 5 በመቶ ለገዢው ለመክፈል ተገደደ። የግብፅን ምሥራቃዊ በር የሚጠብቀው ውኃ እንዲህ በአንድ ሳምንት ድርድር፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስበት፣ በዓለም ላይ ታላቅ የባሕር ኃይል የነበረው መንግሥት የጥቅም ድርሻ ያለበት ሆነ።

በአክሲዮኑ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ፋታ ሰጥቶ ነበር። አስተዋይ ገዥ ይህን ፋታ ወጪውን ለመሰብሰብ በተጠቀመበት ነበር። እስማኤል ግን የጉንደት ሽንፈት ክብሩንና በገበያው ያለውን አመኔታ ያጎድፍብኛል ብሎ ስለ ሰጋ፣ ከአሥር ሺህ የሚበልጥ አዲስ ጦር በራቲብ ፓሻ አዝማችነት ላከ። ልጁ ልዑል ሐሰንም አብሮ ዘመተ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ የግብፅን ድንበር ማንም ሳይደፍር የተከፈተ ጦርነት ነበር። ከየካቲት 29 ቀን 1868 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማለትም ከመጋቢት 7 እስከ 9 ቀን 1876፣ ጉራ ላይ በተደረገው ውጊያ ከምሽጉ የወጣው የግብፅ ሠራዊት ክፉኛ ተመታ። በሺህ የሚቆጠሩ ሬሚንግተን ጠመንጃዎችና ብዙ መድፎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ፤ ከዲቩ በዕዳ ያስመጣው መሣሪያም የአፄ ዮሐንስን ሠራዊት አጠናከረ። ከጉራ ውጊያ አንድ ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ ወር 1876 መጀመሪያ ላይ የግብፅ መንግሥት የዕዳ ሰነዶቹን ክፍያ ማቆሙን ዐወጀ።

ለክፍያው መቆም የኢትዮጵያ ዘመቻ ብቸኛ ምክንያት ነበር ማለት ትክክል አይሆንም። ዕዳው ከዚያ በፊት ለአሥራ ሦስት ዓመት ሲከማች የኖረ ነው፤ በጥቅምት 1875 የኦቶማን መንግሥት ራሱ የወለዱን ክፍያ በመቀነሱም የምሥራቅ አገሮች ሰነድ ሁሉ በገበያ ላይ ረክሶ ነበር። ሆኖም ዘመቻው የመጣው መንግሥቱ ምንም ድንገተኛ ወጪ ሊሸከም በማይችልበት ሰዓት ነው። ጥሪት ያለው መንግሥት ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሊነሣ ይችላል፤ በወር በወር ዕዳ የሚኖር መንግሥት ግን አንድ ሽንፈት ይበቃዋል።

የአበዳሪዎች ቁጥጥር

የእንግሊዝ መንግሥት የላከው ስቲቨን ኬቭ የግብፅን ሒሳብ ሊመረምር በቀረበ ጊዜ ያጋጠመው ትልቁ ችግር የሒሳቡ ሁኔታ ነበር። የከዲቩ የግል ርስት፣ ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት አምስተኛውን ያህል የሚሸፍነው የቤተሰቡ ይዞታና የመንግሥቱ ግምጃ ቤት እርስ በርሳቸው የተደበላለቁ ነበሩ። ከ1868 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው እስማኤል ሳዲቅ ዕዳውንና ገቢውን የያዘው ከራሱ በቀር ማንም በማይገባው ዘዴ ነበር። የዘመቻው ወጪ ስንት እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ብድር እንደ ተከፈለ የሚያሳይ የጠራ መዝገብ አልተገኘም። በኅዳር 1876 ይህ ሚኒስትር ተይዞ በምሥጢር ሞተ፤ የሚያውቀውም ሁሉ አብሮት ተቀበረ።

በግንቦት 1876 ለዕዳው የተመደበውን ገቢ የሚቀበል የአበዳሪዎች ኮሚሽን፣ የዕዳ ሣጥን የተባለው መሥሪያ ቤት፣ ተቋቋመ። በኅዳር ወር ደግሞ አንድ እንግሊዛዊና አንድ ፈረንሳዊ ተቆጣጣሪዎች ገቢና ወጪውን እንዲመሩ ተሾሙ። ዕዳው በጠቅላላ 91 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዓመታዊ ገቢውም ከግማሽ የሚበልጠው ለዕዳ ክፍያ ተመደበ። በ1877 የዓባይ ሙላት አነሰ፤ በ1878 በላይኛው ግብፅ ረኀብ ገባ። ግብር ሰብሳቢዎች ግን የግንቦቱ ወለድ በጊዜው እንዲከፈል የመጪውን ዓመት ግብር ሳይቀር ከገበሬው በጅራፍ ሰበሰቡ። ወለዱ በቀኑ ተከፈለ፤ የሲቪል ሠራተኛውና የወታደሩ ደመወዝ ግን ለብዙ ወራት ሳይከፈል ቆየ።

ዕዳ አገርን ከመከላከያዋ የሚለየው በዚህ መንገድ ነው። በጀቱ ሲጠብ አበዳሪው የማይነካ፣ ወታደሩ የሚነካ ሆነ። በነሐሴ 1878 በኑባር ፓሻ የሚመራ ካቢኔ ተቋቁሞ እንግሊዛዊው ሪቨርስ ዊልሰን የገንዘብ፣ ፈረንሳዊው ደ ብሊኜር የሕዝባዊ ሥራ ሚኒስትር ሆኑ። ይህ ካቢኔ ወጪ ለመቀነስ ሲል 2,500 መኰንኖች በግማሽ ደመወዝ ከሥራ እንዲገለሉ ወሰነ። ውዝፍ ደመወዛቸውን ያልተቀበሉት መኰንኖች የካቲት 18 ቀን 1879 ካይሮ ውስጥ ተሰብስበው ኑባርንና ዊልሰንን ከሠረገላቸው አውርደው አንገላቷቸው፤ ሁከቱን ያበረደው ከዲቩ በአካል ደርሶ ነው። ብዙዎች ሁከቱን ራሱ እስማኤል ያስነሣው ነው ብለው ጠረጠሩ። ያም ሆነ ይህ፣ አገር እንዲጠብቅ የቆመው ሠራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ራሱ መንግሥት አዞረ።

በሚያዝያ 1879 እስማኤል የአውሮፓ ሚኒስትሮቹን አሰናብቶ ሸሪፍ ፓሻን ሾመ፤ የአገሩን መሳፍንትና የምክር ቤት አባላት ይዞም የራሱን የዕዳ አከፋፈል ዕቅድ አቀረበ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ጀርመን የአበዳሪዎቹን መብት በመጥቀስ ተቃውሞ አሰማች፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ሱልጣኑን አስገደዱ። ሰኔ 26 ቀን 1879 ከቁስጥንጥንያ የመጣው ቴሌግራም አድራሻውን የቀድሞው ከዲቭ ብሎ ስለ ጻፈ፣ እስማኤል መሻሩን ገና ሳይከፍተው ከፖስታው ላይ ዐወቀ። በወርቅ የገዛቸው ፊርማኖች ሁሉ በአንድ ቴሌግራም ተሰረዙ። ሥልጣኑን ለልጁ ለተውፊቅ ለቅቆ ማኅሩሳ በተባለችው የግል መርከቡ ወደ ናፖሊ ተጓዘ።

ከእርሱ በኋላ

ተውፊቅ የተቀበለው ፊርማን የግብፅ ሠራዊት ከ18 ሺህ እንዳይበልጥና ያለ ፈቃድ ብድር እንዳይወሰድ የሚያዝ ነበር። በ1880 ግብፅ ከስዊዝ ቦይ ትርፍ የነበራትን የ15 በመቶ ድርሻ በ22 ሚሊዮን ፍራንክ ሸጠች፤ ከዚያ ወዲያ ከቦዩ ምንም አልቀረላትም። በሠራዊቱ ላይ የተደረገው ቅነሳ ያስከፋቸው ግብፃውያን መኰንኖች በኮሎኔል አሕመድ ዑራቢ መሪነት ተነሡ። ሐምሌ 11 ቀን 1882 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች እስክንድርያን ደበደቡ፤ መስከረም 13 ቀን 1882 ቴል ኤል ከቢር ላይ የዑራቢ ጦር ተሸነፈ። እንግሊዞች ወደ ዚያ ጦር ሜዳ የደረሱት እስማኤል በሸጠው ቦይ በኩል ነበር። የግብፅ ሠራዊትም በዐዋጅ ፈረሰ።

በሱዳን የመሐዲ ንቅናቄ በተቀጣጠለ ጊዜ ግብፅ የምትልከው የሠለጠነ ጦር አልነበራትም። በሂክስ ፓሻ የተመራውና ከፈረሰው ሠራዊት ወታደሮች የተለቃቀመው ጦር በኅዳር 1883 ሸይካን ላይ አለቀ፤ ካርቱምም ጥር 26 ቀን 1885 ወደቀች። ሰኔ 3 ቀን 1884 ዐድዋ ላይ በተፈረመው ውል ቦጎስ ለኢትዮጵያ እንዲመለስና ሸቀጥ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ተስማሙ፤ አፄ ዮሐንስም የተከበቡት የግብፅ ጦር ሰፈሮች በግዛታቸው በኩል እንዲወጡ ረዱ። ይሁን እንጂ የግብፅ ኃይል ሲነሣ የተተወው ባዶ ቦታ ለኢትዮጵያ ሌላ አደጋ አመጣ። የካቲት 5 ቀን 1885 ኢጣልያ በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዘች። በዚያው ዓመት ግብፆች ሐረርን ለቅቀው ወጡ። በአንድ አገር ግምጃ ቤት የተነሣው ቀውስ ለጎረቤት አገር አዲስና የበለጠ ጠላት ወለደ ማለት ይቻላል።

እስማኤል የቀረውን ዕድሜ በስደት አሳለፈ። ከናፖሊ ተነሥቶ በመጨረሻ ቁስጥንጥንያ ተቀመጠ፤ ወደ አገሩ ለመመለስ ያደረገው ጥረት ግን አልተሳካለትም። መጋቢት 2 ቀን 1895 በዚያው ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ካይሮ ተመልሶ፣ እናቱ በ1869 ማሠራት በጀመረችው በሪፋዒ መስጊድ ተቀበረ። በሞተበት ጊዜ ካይሮን የእንግሊዝ ጦር ይጠብቃት ነበር፤ የመጨረሻው የእንግሊዝ ወታደር የወጣው በ1956 ነው። ቦዩም ወደ ግብፅ መንግሥት እጅ የተመለሰው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የዕዳ ሣጥን የተባለው መሥሪያ ቤት እስከ 1940 ድረስ ቆይቷል። የአንድ ሰው የአሥራ ስድስት ዓመት ብድር የልጅ ልጆቹን ዘመን ሁሉ ያዘ።

የእስማኤልን ሕይወት የሚመረምር ሁሉ ዕዳን በደፈናው ሊያወግዝ አይገባውም። በዚያው ዘመን እንግሊዝ ራሷ ከናፖሌዎን ጦርነቶች የወረሰችው ከባድ የመንግሥት ዕዳ ነበረባት፤ ሆኖም የተበደረችው ከራሷ ሕዝብ፣ በራሷ ገንዘብ፣ በዝቅተኛ ወለድና ፓርላማዋ በሚቆጣጠረው በጀት ነው። ስለዚህ ዕዳዋ የመከላከያዋ መሣሪያ ሆነ እንጂ አጥፊዋ አልሆነም። የግብፅ ዕዳ ከባዕድ የተወሰደ፣ በአጭር ጊዜ የሚከፈል፣ በመዝገብ ያልጠራና በአንድ ሰው ፈቃድ የተፈረመ ነበር። በገበያው ዘመን የተገኘ ገቢ እንደ ቋሚ ተቆጠረ፤ ጦሩ የተስፋፋው ግምጃ ቤቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሆነ፤ ቀን ሲጨልም አስቀድሞ የተቀነሰው የወታደሩ ደመወዝ፣ አስቀድሞ የተሸጠው የአገር በር ሆነ።

እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ ሊያይ የሚችለው ጄኔራሉ አይደለም። የብድሩን ውል የሚያነብ፣ በሰነድ በተጻፈውና በእጅ በገባው ገንዘብ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰላ፣ የወለዱን ቀን ከገቢው ቀን ጋር የሚያስተያይ የሒሳብና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነው። በእስማኤል ቤተ መንግሥት እንዲህ ያለውን ሒሳብ በነፃነት የሚያቀርብ ሰው፣ ቢያቀርብም የሚሰማው ጆሮ አልነበረም። ከዲቩ ስለ ሠራዊቱ የሚመክሩት ሃምሳ የሚያህሉ የአሜሪካ መኰንኖች ነበሩት፤ ስለ ግምጃ ቤቱ እውነቱን እንዲነግረው የቀጠረው ግን አንድም አልነበረም። መዝገቡን በመጨረሻ ከፍተው ያነበቡለት አበዳሪዎቹ ናቸው።